የመጀመሪያ የፕሮግራሚንግ ቋንቋችሁ ፓይተን ይሁን ወይስ ጃቫስክሪፕት?

ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ በወጪ አይለያዩም።

ለጀማሪ ፓይተን ይቀላል። ብቻ መስመር መጀመሪያ ላይ ያለችው ክፍት ቦታ ከተዛነፈች ፕሮግራሙ አልሠራም ይላል።

ጃቫስክሪፕት በ1995 እ.ኤ.አ. በ10 ቀን ነው የተጠነሰሰው፤ ጥድፊያው ዛሬም ያስታውቃል። "5" ላይ (በጥቅስ ምልክት ስለገባ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው) 3 ደምር ስትሉት "53" ይላችኋል፣ 3 ቀንስ ስትሉት ግን 2! ፓይተን ሁለቱንም ስህተት ነው ብሎ ይመልሳቸዋል። ቢሆንም ብሮውዘር የጃቫስክሪፕት ግዛት ነው። የሠራችሁትን በሊንክ ልካችሁ ለቀጣሪ ወዲያው ታሳያላችሁ።

ስጋቱስ? ጃቫስክሪፕት ላይ ፍሬምወርኩ (ሥራ የሚጀመርበት ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። የፓይተን የኤአይ ሥራ ደግሞ ቋንቋውን በማወቅ ብቻ አይገኝም፤ ስታቲስቲክስም ይጠይቃል።

ዳታና አውቶሜሽን (ተደጋጋሚ ሥራን ለፕሮግራም መስጠት) የሚስባችሁ በፓይተን ጀምሩ። ዌብሳይት እየሠራችሁ በፍሪላንስ መግባት ካሰባችሁ ግን ጃቫስክሪፕት ያዋጣችኋል።