«መቶ ዓመት የቆየ ጣውላ» ለወለል ልትገዙ ነው? ቀብድ ሳትሰጡ ይህን አንብቡ

ከፈረሱ መጋዘኖች፣ ከአሮጌ ጎተራዎችና ከፋብሪካዎች የወጣ ጣውላ ለቤት ወለል መሸጡ ገበያው ደርቷል። ጥሩው ሲገኝ እኔም እወደዋለሁ። በስሙ የሚቸበቸበው ጉድ ግን ብዙ ነው።

ገዢ ሁሉ የሚፈራው አዲስ እንጨት «አስረጅተው» እንዳይሸጡለት ነው። አለ፤ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉታል፣ በሰንሰለት ይቀጠቅጡታል፣ ቀለም ይቀቡታል። ይህን መለየት ግን ያን ያህል አይከብድም። የምስማሩን ቀዳዳ ተመልከቱ። ኦክ በሚባለው ጠንካራ እንጨት ውስጥ ለዓመታት የኖረ ብረት በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተዋህዶ ዙሪያውን ያጠቁረዋል፤ ጥቁረቱም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በድሪል የተበሳ ቀዳዳ ዙሪያው ንጹሕ ነው፣ ቢበዛ ላዩ ላይ ተቀብቷል። ያው ጭረት በተለያዩ ጣውላዎች ላይ እዚያው ቦታ ከተደጋገመ ደግሞ የማሽን ሥራ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ እውነተኛው አሮጌ ጣውላ ነው። ሻጩ «መቶ ዓመት ቆሞ ከዚህ በላይ ምን ይደርቃል?» ይላችኋል፤ ገዢውም አሳማኝ ሆኖበት ዝም ይላል። እንጨት ግን ዕድሜው ምንም ያህል ቢሆን ካለበት አየር እርጥበት ሲወስድና ሲሰጥ ነው የሚኖረው። ጎተራ ውስጥ ወይም ደጅ የከረመ ጣውላ 15 በመቶ ገደማ እርጥበት ቢይዝ አይገርምም። በሚሞቅ ወይም ደረቅ አየር ባለው ቤት የሚነጠፍ ወለል የሚፈለገው ግን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 በመቶ ነው። እንዳለ ከተነጠፈ ቤት ውስጥ ይደርቃል፣ ይጠብባል፣ በጣውላዎቹ መካከል ሳንቲም የሚውጥ ክፍተት ይከፈታል፤ አንዳንዱም ይጣመማል። ስለዚህ በማድረቂያ ክፍል ደርቆ እንደሆነ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ባለ መርፌ የእርጥበት መለኪያ ይዛችሁ ሂዱና ከክምሩ መሀል አስወጥታችሁ ለኩ። ከላይ ያሉት ሁልጊዜ ቆንጆ ናቸው። ጣውላው የሚነጠፍበት የሥር ወለል እርጥበትም ይለካ፦ ጣውላው ከ7.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት ካለው በሁለቱ መካከል ያለው የእርጥበት ልዩነት ከ2 በመቶ ነጥብ መብለጥ የለበትም።

እንጨት የሚበሉ ነፍሳትም ከዚሁ ከማድረቁ ጋር የሚያያዙ ናቸው፤ ውስጥ ያሉትን የሚገድላቸው ሙቀቱ ነው። ከአገር አገር ለሚጓዝ የማሸጊያ እንጨት የተደነገገው ዓለም አቀፍ መስፈርት እምብርቱ ድረስ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ይጠይቃል። «መድኃኒት ረጭተንበታል» ቢሏችሁ አትርኩ፤ ላይ ላዩን የተረጨ ነገር ውስጥ ያለውን ትል አያገኘውም። ጣውላውን ጥቁር ላስቲክ ላይ አቁማችሁ በመዶሻ ምቱት። የላመ ዱቄት ከረገፈ ተዉት።

ቀለም ያለበትን አሮጌ ጣውላ ሳታስመረምሩ አታስልጉ፤ እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም አቧራው በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። አሜሪካ ይህን ቀለም ከመኖሪያ ቤት ያገደችው በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ዛሬም እየፈረሰ ገበያ ይወጣል። ክሪዮሶት በሚባል መርዛማ ቅጥራን የተነከረ የባቡር ሐዲድ እንጨትማ ቤት ውስጥ ጨርሶ አይገባም። የፓሌት (የዕቃ መጫኛ ርብራብ) እንጨት ከሆነም ማኅተሙን እዩ፤ «ኤም ቢ» (MB) የሚል ካለበት ሜቲል ብሮማይድ በሚባል ነፍሳት መግደያ መርዛማ ጋዝ የታከመ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። ሻጩ ካሬ ሜትሩን የሚያሰላው በጥሬው ጣውላ ነው። ጠርዙ ሲስተካከልና አንዱ ከአንዱ የሚገጥምበት መሰካኪያ ሲወጣለት 15 ሴንቲ ሜትር የነበረው ጣውላ ወለል ላይ የሚሸፍነው 12.5 ብቻ ሊሆን ይችላል። ስድስተኛው እጅ ሄደ ማለት ነው፤ የ100 ካሬ ከፍላችሁ 83 ነው ያላችሁ። አናጺው ሲቆርጥ፣ የተሰነጠቀውንና የበሰበሰውን ሲጥል የሚባክነው ገና አልተቆጠረም፤ ለእሱም ቢያንስ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጨመር ያስፈልጋል። ውሉ ላይ «ከተላገና ከተስተካከለ በኋላ በሚሸፍነው ስፋት» የሚል ካልተጻፈ አትፈርሙ።

የሚያምረው ግራጫ መልክም አለ። እሱ ፀሐይና ዝናብ ላዩ ላይ ያመጡት ስስ ሽፋን ነው፣ በመላጊያ ይሄዳል። ናሙናው ያልተላገ፣ የሚመጣላችሁ የተላገ ከሆነ ቡናማ ወለል ይደርሳችኋል። ሻጩም «ያው እንጨቱ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ለዚያ ነው መከራከሪያ የምታጡት። ናሙናው ተልጎ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ ካልሆነ አትቀበሉ። በኮምፔርሳቶ ላይ የተለጠፈ ከሆነም አንዱን አስቆርጣችሁ የላዩን እንጨት ውፍረት ለኩ፤ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወለሉን ወደፊት ዳግም ማስላጉን እርሱት። አንዲት ጣውላ ማስቆረጥ የሚከለክል ሻጭ ጋ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

ዕቃው ቤታችሁ ደርሶ ያልጣማችሁ ነገር ካለ፣ ፎቶ አንሱ፣ እርጥበቱን ለክታችሁ መዝግቡ፣ ቅሬታችሁን በጽሑፍ ላኩ፣ አናጺውንም አስቁሙት። በብዙ የሽያጭ ውሎች የተነጠፈ ጣውላ እንደተቀበላችሁት ይቆጠራል።