ከትልቅ ፓምፕ በፊት ይህን ግዙ፦ ፉልስቶፕ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፉልስቶፕ የመስኖ ውሃ አፈር ውስጥ እስከ የት እንደወረደ የሚጠቁም መሣሪያ ነው፤ በሽንኩርት ማሳዬ ውስጥ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርጌ ቀብሬዋለሁ። የታችኛው ጠቋሚ ባይነሣ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የተቀበረው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። የሽንኩርት ሥር ደግሞ አብዛኛው የሚገኘው በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ፓምፑ እየሠራ፣ የፈሩ መጨረሻ ገና ደረቅ ሳለ፣ በፈሩ መነሻ ላይ የቀበርኩት ጠቋሚ ብቅ አለ። በነዳጅ ከጉድጓድ ያወጣሁት ውሃ ሽንኩርቱን አልፎ ወደ ታች እየሄደ ነበር ማለት ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ማሳው በደንብ እየጠጣ ነው የሚመስለው።

መሣሪያውን የፈጠሩት ሪቻርድ ስተርዛከር የሚባሉ፣ ሲኤስአይአርኦ በተባለው የአውስትራሊያ የምርምር ተቋም የሠሩ የአፈር ተመራማሪ ናቸው። ባትሪ የለውም፣ ሽቦ የለውም፣ ቁጥርም አያሳይም። አፈር ውስጥ የሚቀበር ፈነል ነው። ከላይ የሚወርደው እርጥበት ወደ ፈነሉ ሲገባ መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ጠባቡ ቦታ ላይ ሲደርስ አፈሩ ይጠግብና ውሃ ይንጠባጠባል። ያ ውሃ ተንሳፋፊውን ያነሣዋል፣ ከመሬት በላይ ያለው ጠቋሚም ብቅ ይላል። የሚቀበረው በጥንድ ነው፤ አንዱ ከፍ ብሎ በሥሩ መካከል፣ ሌላው ዝቅ ብሎ። ሁለቱም ካልተነሡ ውሃው አንሷል። የላዩ ብቻ ከተነሣ ልክ ነው። ሁለቱም ከተነሡ በዝቷል።

ፓምፑን የሸጠልኝ ሰው የመስኖ ዕቅድም አብሮ አውጥቶልኝ ነበር፦ በየ4 ቀኑ፣ ውሃው ፈሩ መጨረሻ እስኪደርስ። ውሃው አይበቃኝም ስለው ደግሞ ከፍ ያለ ፓምፕ ግዛ አለኝ። ወንድሜ፣ እስቲ አብረን እናስላው። በደረቅ አካባቢ ሰብሉ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል እንበል። በ1 ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት 10 ሜትር ኩብ ነው፤ ለሩብ ሄክታር በቀን 15 ሜትር ኩብ ይመጣል። በፈር መስኖ ከሚለቀቀው ውሃ ለሰብሉ የሚደርሰው 60 በመቶ ያህል ነው ተብሎ ስለሚታቀድ፣ ከጉድጓድ መውጣት ያለበት 25 ሜትር ኩብ ነው። እስከዚህ ድረስ ተስማምተናል፤ ፓምፑንም የመረጥክልኝ በዚሁ ሒሳብ ነው። አፈሬ ስንት ውሃ እንደሚይዝ ግን አልጠየቅከኝም።

የእኔ አፈር ቀላል ነው። በ1 ሜትር ጥልቀት ለሰብል የሚሆን 120 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢይዝ ነው። ስለዚህ ሽንኩርቱ በ30 ሴንቲ ሜትሩ ውስጥ ያለው ጎተራ 36 ሚሊ ሜትር ነው። ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሰብል ውሃ ፍላጎት መመሪያ መሠረት ደግሞ ሽንኩርት ሳይጨነቅ ሊጠቀም የሚችለው ከዚያ 30 በመቶውን ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በቀን 6 እየወሰደ በ2 ቀን ያልቃል ማለት ነው። በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ሽንኩርቱ ይጠማል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይጥለቀለቃል፣ በተለይ በፈሩ መነሻ፣ ውሃው ለረጅም ሰዓት በሚቆምበት ቦታ። ጥማቱም ብክነቱም የመጣው ከአንድ ዕቅድ ነው።

ትልቅ ፓምፕ ውሃውን ቶሎ መጨረሻ ያደርሰዋል ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ያደርሰዋል። ጉድጓዱ ግን በበጋ ያን ያህል ውሃ አያመነጭም፤ ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል። ፈሩን ማሳጠር ያንኑ ሥራ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ ይሠራል። እኔም ማሳው መሐል አንድ ማከፋፈያ ቦይ ቆፍሬ ፈሮቹን ለሁለት ከፈልኳቸው፤ በየ2 ቀኑ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት ጀመርኩ። አሁን የላዩ ጠቋሚ በመነሻውም በመጨረሻውም ይነሣል፤ የታችኛው ዝም ይላል። ፓምፑ የሚሠራበት ሰዓት ቀንሷል። በተረፈው ውሃ፣ በዚያው ፓምፕ፣ ጦሙን ያድር የነበረውን ቁራሽ መሬት ቲማቲም ተክዬበታለሁ።

የውሃው ብክነት ካናደደኝ በላይ ግን ያንገበገበኝ ማዳበሪያው ነው። ፈነሉ ውስጥ የቀረውን ውሃ በቀጭን ቱቦና በሲሪንጅ ስቦ ማውጣት ይቻላል። በአሮጌው ዕቅድ እያጠጣሁ ሳለ፣ ዩሪያ ከጨመርኩ ከሳምንታት በኋላ ከታችኛው ያወጣሁትን ውሃ በናይትሬት (ዩሪያ አፈር ውስጥ ተለውጦ የሚሆነው የሰብል ምግብ) መለኪያ ወረቀት ብፈትነው ቀለሙ ጠቆረ፤ ናይትሬቱ ብዙ ነው ማለት ነው። ለሽንኩርቱ የገዛሁት ምግብ ሥሩ ወደማይደርስበት ወርዷል። ይህን የሚነግር ሌላ ርካሽ ዕቃ ካለ አሳዩኝ። ዛሬ ወረቀቱ በጣም ነጣ ያለ ነው፤ የቅጠሉም መልክ ተለውጧል።

የዲጂታል መሣሪያ ሻጮች ቁጥር አይሰጥም፣ ወደ ስልክ አይልክም ይላሉ። አዎ፣ አይልክም። እኔ የምፈልገው ውሃው አለፈ ወይስ አላለፈ የሚለውን ነው፣ እሱን ደግሞ ማሳው ውስጥ የሚውል ማንም ሰው ሳያነብ ያየዋል። መቼ አጠጣ የሚለውን ግን አይመልስም፤ ለዚያ አሁንም አፈር ቆፍሬ በእጄ ጨብጬ ነው የምወስነው። ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የታችኛው ጠቋሚ ሲነሣ ፓምፕ ብታጠፉም ላይ ያለው ውሃ መውረዱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ የሚጠቅመው የሚቀጥለውን ተራ ለማስተካከል ነው። ስትቀብሩትም አፈሩን በወጣበት ቅደም ተከተል መልሱና እንደ ቀድሞው ጠቅጥቁት። የተነካ አፈር ውሃን ቶሎ ስለሚያሳልፍ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምልክት አትመኑ።

የታችኛው ለዘለዓለም ዝም እንዲልም አትፈልጉ። በደረቅ አካባቢ የሚካሄድ መስኖ አፈሩ ውስጥ ጨው ያከማቻል፤ ሽንኩርት ደግሞ ጨው አይችልም፣ የአፈሩ ጨዋማነት ከ1.2 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨዋማነት መለኪያ) ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ አልፎ አልፎ፣ ማዳበሪያ ከመጨመሬ በፊት፣ ጨዉ ታጥቦ እንዲወርድ ሆን ብዬ የታችኛው እስኪነሣ አጠጣለሁ።

ለቲማቲሙ ሌላ ጥንድ አዝዣለሁ፤ ሥሩ ከሽንኩርት ይልቅ ወደ ታች ስለሚሄድ ሁለቱንም ዝቅ አድርጌ እቀብራቸዋለሁ። ትልቁን ፓምፕ ግን አልገዛሁም፤ በዚህ ጉድጓድ ላይም አልገዛም።