ዋልረስ ለማየት ወደ ስቫልባርድ፦ የማይጠጋውን ጀልባ ምረጡ

ዋልረስ ረጅም ጥርስ ያለው ግዙፍ የባሕር እንስሳ ነው፤ ስቫልባርድ ደግሞ ወደ ሰሜን ዋልታ የተጠጉ የኖርዌይ ደሴቶች ናቸው። ከደሴቶቹ ዋና ከተማ ከሎንግየርብየን ወደብ ተነስቶ የኢስፊዮርድን ባሕረ ሰላጤ በማቋረጥ ዋልረሶች እስከሚያርፉበት ቦረቡክታ የሚወስደው ጉብኝት ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፤ በኖርዌይ ደመወዝ የሚኖረውን እንኳ ያሳስባል። ቢሆንም በመሄዴ ደስ ብሎኛል፤ ኦስሎ ላሉ ወገኖቼም ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ጀልባዋ እንስሳቱን አለመጠጋቷን ነው።

ስንነሳ ከአንገት እስከ እግር የሚሸፍን ወፍራም ቱታ ሰጡን። ነሐሴ በዚያ አገር ሞቃቱ ወቅት ቢሆንም በክፍት ፈጣን ጀልባ ላይ ያለው ንፋስ ፊት ይገርፋል። ዳርቻው መታየት ሲጀምር አስጎብኚያችን ፍጥነቷን ቀንሳ ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ ጠየቀችን። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ባለሞተር ጀልባ ዋልረሶች ካረፉበት ቦታ ከ150 ሜትር በታች መቅረብ አይፈቀድለትም። አንድ ተሳፋሪ «ትንሽ ብቻ እንጠጋ» እያለ ቢለምናት ንቅንቅ አላለችም። እሰየው! የደነገጠ መንጋ ተግተልትሎ ወደ ውሃ ሲገባ እርስ በርሱ ይረጋገጣል፤ ግልገሎች ባሉበትማ ሞት ያስከትላል።

አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ተራዬ ሲደርስ ያየሁትን አልረሳውም። ገና ከባሕር የወጣው ዋልረስ ቆዳው ገርጥቶ ግራጫ ሆኗል፤ ከጎኑ ሲሞቅ የቆየው ደግሞ ቀልቷል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ደማቸው ሙቀት እንዳያባክን ከቆዳቸው ይሸሻል፣ የብስ ላይ ሲያርፉ ይመለሳል። አዲስ መጤው በጥርሱ ጎረቤቱን ጎሰም አድርጎ ቦታ ሲጠይቅ፣ ያኛው ቀና ብሎ አጉረመረመ፤ ወዲያው ሁለቱም ተደጋግፈው ተኙ። ያ ረጅም ጥርስ በወንዱም በሴቷም ላይ ይበቅላል፤ ማዕረግ ማስከበሪያና በረዶ ላይ መውጫ ነው። የሚመገቡት ግን በጢማቸው እየዳሰሱ ነው። በመቶዎች በሚቆጠሩት ወፋፍራም ፀጉሮች ጨለማውን የባሕር ወለል ፈትሸው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎችን ያገኛሉ፣ ሥጋውን በምላሳቸው ኃይል መጥጠው ቅርፊቱን ይተዉታል።

አስጎብኚያችን ስለ ቀድሞው የዋልረስ አደን ስትናገር ድምፅዋ ተለወጠ። ከ1600ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ አውሮፓውያን ለጥርሳቸው፣ ለስባቸውና ለቆዳቸው ሲሉ ስለ ጨረሷቸው፣ በ1952 አደኑ ሲከለከል በስቫልባርድ የቀሩት እጅግ ጥቂት ነበሩ። በ2006 ከአየር ሲቆጠሩ 2,600 ገደማ፣ በ2012 ደግሞ 3,900 ገደማ ሆነዋል። ሴቷ 15 ወር ገደማ አርግዛ አንድ ግልገል ብቻ እየወለደች፣ ለዓመታት እያጠባች ነው ይህ የሆነው። እዚህ ምዕራብ ዳርቻ የሚበዙት ወንዶች ናቸው።

ኦስሎ የሚኖር ሰው ፍሬያ የተባለችውን ዋልረስ አይረሳትም። በ2022 የበጋ ወቅት ኦስሎ ፊዮርድ መጥታ የሰው ጀልባ ላይ ወጥታ ትተኛ ነበር፤ 600 ኪሎ ያህል ስለምትመዝን አንዳንዱን ጀልባ ጎድታለች። ሕዝቡ «ራቁ» እየተባለ ልጆቹን ጭምር ይዞ፣ ፎቶ ለማንሳት ይጠጋት ነበር። በመጨረሻ ባለሥልጣናቱ ለሰው ደኅንነት ታሰጋለች ብለው ኦገስት 14 ገደሏት። ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ባልታዘዘው ሰው ፈንታ እሷ ተቀጣች። ስለዚህ «በቅርብ እናሳያችኋለን» እያለ የሚያስተዋውቅ ድርጅት ካጋጠማችሁ እለፉት።

ጉድለት አላጣሁበትም። መነጽሮቹ ከተሳፋሪው ቁጥር ጋር ፈጽሞ አይመጣጠኑም። ይህን ያህል ገንዘብ ተቀብሎ፣ ከሩቅ የሚታይ እንስሳ ለማሳየት ወስዶ፣ መነጽር ከእጅ እጅ ማዟዟር ተገቢ አይደለም። ምሳው ፈላ ውሃ የሚጨመርበት የታሸገ ደረቅ ምግብ ነው። ፍልሰታን እየጾምኩ ስለነበር ስመዘገብ ሥጋም ወተትም እንደማልበላ ጽፌ ነበር፤ የተሰጠኝ ግን የሥጋ ሆነ። ስናገር ይቅርታ ጠይቀው የአትክልት አመጡልኝ፤ ጣዕሙም ደህና ነበር። የምትጾሙ ካላችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ወደቡ ላይ አስታውሱ።

የራሳችሁን መነጽር ያዙ፤ ፓስፖርትም አትርሱ። ስቫልባርድ ኖርዌይን ጨምሮ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ማለትም ከሸንገን ክልል ውጭ ስለሆነ፣ ከኢትዮጵያ ዘመድ ጋብዛችሁ የምትወስዱ ከሆነ ቪዛው ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ አለዚያ ወደ ኦስሎ ሲመለስ ችግር ይገጥመዋል።