4 ቅዳሜ ተምረን «120 ሰዓት» የሚል ሰርተፍኬት ሰጡን፦ የውጭ ሀገር ረዳት መምህርነት እያሉ ብር የሚሰበስቡትን ተጠንቀቁ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ የሐረርም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ቢሮ 66,000 ብሬን በልቶኛል። ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ስለሆነ ስሙን አልጠራም። ማስታወቂያውን ግን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፦ «በውጭ ሀገር የእንግሊዝኛ ረዳት መምህር ይሁኑ! ታይላንድ፣ ጃፓን፣ ኮሪያ፣ ስፔን። ልምድ አያስፈልግም።»

ሳቢያን ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር 8 ዓመቴ ነው። ደሞዜን አልናገርም፣ አስተማሪ የሆነ ያውቀዋል።

መጀመሪያ 3,000 ብር መመዝገቢያ ከፈልኩ። ከዛ 18,000 ለቴፍል ሰርተፍኬት። ቴፍል የማያውቅ ካለ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ሰዎች የማስተማር ሥልጠና ነው፣ ብዙ ቦታ የሚጠየቀውም የ120 ሰዓቱ ነው። የእኛ ሥልጠና ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ነበር፣ 4 ቅዳሜ ብቻ። ቁጠሩት፣ 12 ሰዓት ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ ግን 120 ተብሎ ተጽፏል። ዜሮዋ ከየት መጣች ብዬ ስጠይቅ የቢሮው ልጅ ሳቀና «አቦ ቲቸር አታካብድ፣ ቀሪው ኦንላይን ነው» አለኝ። ኦንላይን ያለው የቴሌግራም ግሩፕ ነው፣ ውስጡ 3 ፒዲኤፍ አለ።

ያኔ መውጣት ነበረብኝ። ግን 21,000 ብር አስገብቼ እንዴት ብዬ ልውጣ? እንደውም ለቪዛና ለፕሮሰስ 45,000 ሲሉኝ የእቁባችንን ዳኛ ለምኜ እጣዬን አስቀድሜ ወሰድኩ። እስከ አሁን እየጣልኩ ነው።

ብሩ በገባ በሳምንቱ የቅጥር ደብዳቤ መጣ፣ ከታይላንድ። ማህተም አለው፣ ባንዲራ አለው፣ ሁሉ አለው። ኢሜይሉ ግን ተራ ጂሜይል ነው። «አሲስታንት» የምትለዋ ቃል ራሷ ስፔሊንጓ ተሳስቷል። ተማሪዬ ቢጽፈው በቀይ የማከብበውን ስህተት እኔ አይቼ ዝም አልኩ፣ ለእናቴም አነበብኩላት፣ እልል አለች። ትምህርት ቤቱ የት ከተማ ነው ስላቸው ደግሞ «ባንኮክ አካባቢ» ይሉኛል። ባንኮክን የሚያህል ከተማ «አካባቢ» ተብሎ ይነገራል?

የነቃሁት ፎርሙን ስሞላ ነው። የጉዞ ምክንያት የሚለው ላይ «ቱሪስት በል» አሉኝ። ልሠራ ነው የምሄደው ስላቸው «እዛ ስትደርስ ይቀየራል» አሉ። ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ታይላንድ ውስጥ በጎብኚ ቪዛ ማስተማር ክልክል ነው። ሕጋዊ መምህር ኖን ኢሚግራንት ቢ የሚባለው ቪዛና የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የሁለቱንም ደጋፊ ወረቀት የሚያዘጋጀው ቀጣሪው ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ከሌለ ምኑ ነው የሚቀየረው?

የሌሎቹ ሀገሮች ስም ደግሞ ለጌጥ ነው የተለጠፈው። የኮሪያ መንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚቀጥሩበት ኤፒክ የሚባለው ፕሮግራም የሚወስደው የ7 ሀገር ዜጎችን ነው፦ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። የእኛ ፓስፖርት የለበትም። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ጄት የሚባለው የጃፓኑ የረዳት መምህራን ፕሮግራም ደግሞ ማመልከቻ የሚቀበለው በኤምባሲዎቹ በኩል ነው፣ ለማመልከቻ ብር አይጠይቅም። ከዚራ ያለ ቢሮ መሀል ምን ያደርጋል?

አንድ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ። በየካቲት 2017 ከማያንማር የኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው በአንድ ጊዜ ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ገደማ ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደነዚያ ካምፖች የገባው ብዙ ሰው ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ ተብሎ የሄደ ነው። የእኔዎቹ እንደዛ ናቸው እያልኩ አይደለም፣ ለዛ እንኳን የሚበቁ አይመስለኝም። ግን የት ከተማ እንደሆነ የማይታወቅ ትምህርት ቤት ብሎ በቱሪስት ቪዛ ባንኮክ መውረድ አያስፈራም?

ብሬን መልሱ ብዬ ሄድኩ። ድሬ በምሳ ሰዓት እንደምታውቁት ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሁሉ ዘግቶ ይተኛል፤ እኔ በራቸው ላይ እስኪከፍቱ ቁጭ አልኩ። ልጁ መጣና ደረሰኜን አምጣ አለኝ። ሰጠሁት። በጣቱ አንድ መስመር አሳየኝ፦ «ለሥልጠናና ማማከር አገልግሎት።» ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። ሥራ የሚል ቃል የለም፣ ቪዛ የሚል የለም፣ ታይላንድም የለም። «እኛ አማክረንሃል፣ አሠልጥነንሃል» አለኝ። ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን ንግድ ፈቃድ ያኔ ነው ጠጋ ብዬ ያነበብኩት፣ እሱም ሥልጠናና ማማከር ነው የሚለው። ሰው ወደ ውጭ ለሥራ ለመላክ ግን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ መሆን አለበት። ደግሞ በውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጁ፣ በ923/2008፣ የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚችለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የልደት ሰርተፍኬት ያሉትን ነው። ለቪዛ ብር አምጣ ሲሏችሁ ይቺን አዋጅ ጥሩላቸው፣ ፊታቸውን እዩት።

ከእኔ ጋር የተማርነው 14 ነበርን። እስከ አሁን ያገኘሁት 5 ሰው ነው፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ደረሰኝ ይዘናል፣ ደብዳቤዎቹም ከስማችን በቀር አንድ ናቸው፣ ስፔሊንጉ ሳይቀር። ከሐረር ትመላለስ የነበረችው እህታችን ይሄን ካየሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ደረሰኛችሁን አትጣሉ፣ የከፈላችሁበትን የባንክ ስክሪንሾትም እንደዛው። ፖሊስ መጀመሪያ የጠየቀን እሱን ነው።

ትናንት በባጃጅ ሳልፍ አዲስ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። አዲሱ ዙር ቅዳሜ 3 ሰዓት ይጀምራል ይላል። 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ታገኙኛላችሁ።