ከሱሉልታ ወዲያ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ፦ የሚመሰገነውና የሚቀረው

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የአረጋውያን ነገር ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ መቄዶንያ ነው፤ እርሱ ግን ጧሪ ያጡትን ከጎዳና አንሥቶ በበጎ አድራጊዎች እርዳታ የሚያኖር ማዕከል ነው። እዚህ የምገመግመው ቤተሰብ እያላቸው በሕመም ምክንያት ቤት ውስጥ ማስታመም ያልተቻለ አረጋውያንን በወርኃዊ ክፍያ የሚቀበል፣ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የሚገኝ የግል ቤት ነው። የእናቴ ታላቅ እኅት ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ከያዛቸው በኋላ የገቡት እዚህ ነው፤ ስኳርም አለባቸው። ስለዚህ የምጽፈው በዋናነት ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ መነሣት ለማይችል ሰው ስለሚሰጠው እንክብካቤ ነው፤ በእግራቸው የሚንቀሳቀሱት ነዋሪዎች ጉዳይ ከዚህ ይቀላል።

ቤቱ ፎቅ የሌለው በመሆኑ ዊልቸር ከመኝታ ክፍል እስከ በረንዳው ያለ ደረጃ ይወጣል፤ በመጸዳጃ ቤቱም ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ ተገጥሟል። ውኃ ሲጠፋ የሚያገለግል ሮቶ አለ። ወተቱ ከአካባቢው ገበሬዎች በየማለዳው የሚመጣ ስለሆነ ከተማ ውስጥ ከምንጠጣው ጋር አይወዳደርም። ብርዱ ግን ቀላል አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልበት አገር ስለሆነ ቤቱ ከሚሰጠው ብርድ ልብስ በተጨማሪ ወፍራም ጋቢና የሱፍ ካልሲ ይዞ መሄድ ግድ ነው።

ከአልጋ ለማይነሣ ሰው የእንክብካቤው ጥራት የሚታየው በተረከዙና በጭኑ አጥንት ላይ፣ ከወገቡም ዝቅ ብሎ ባለው ቆዳ ላይ ነው። ሰውነት ለረጅም ሰዓት በአንድ ጎን ሲጫን ደም ወደ ቆዳው መድረስ ያቅተውና ቁስል ይጀምራል፤ ቁስሉም ስኳር ባለበት ሰው ላይ በቀላሉ አይድንም። በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎን ማዞር በነርሶች ዘንድ የተለመደው የዚሁ መከላከያ ነው። የአክስቴ የቀን ተንከባካቢ ይህን የምታደርግበት መንገድ ሊነገርላት ይገባል፤ ባዞረቻቸው ቁጥር ካልሲያቸውን አውልቃ ተረከዛቸውን ታያለች፣ በጠይም ቆዳ ላይ ቅላት በዓይን ስለማይለይ በእጇ ጀርባ ዳስሳ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ እንዳለ ትፈትሻለች፣ ከዚያም ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባታቸው ሥር ትንሽ ትራስ ታደርጋለች። አክስቴ እዚያ ከገቡ ወዲህ ቁስል አልወጣባቸውም።

ምግብ ላይም እንዲሁ ናት። ስትሮክ የመዋጥ ኃይልን ስለሚያዳክምና ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል፣ ቀና አድርጋ ካስቀመጠቻቸው በኋላ ወፈር ያለ አጥሚት በትንሽ ማንኪያ በደኅናው ጎን ትሰጣቸዋለች፤ ሳይውጡ ሁለተኛ አትጨምርም። «እማዬ፣ ዋጥ ያድርጉት እስኪ፤ ማንም አያጣድፈንም» ስትላቸው ሰምቻለሁ። አክስቴ ዓቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጾምኩ ባሉ ጊዜ ደግሞ፣ ኢንሱሊን እየወሰዱ ሆድን ባዶ ማዋል አደገኛ መሆኑን የቤቱ ነርስ የንስሐ አባታቸውን አስጠርቶ አስረድቷል፤ እርሳቸውም ጠዋት ሽሮና ምስር እንዲቀምሱ ፈቀዱላቸው። ማስገደድም ሆነ ዝም ብሎ መተው ይቻል ነበር፤ ይህን መንገድ መምረጣቸውን በጣም አደንቃለሁ።

ቅሬታዬ ይህ ሁሉ ዕውቀት በተንከባካቢዋ ራስ ውስጥ ብቻ መኖሩ ነው። ማን በስንት ሰዓት ጎን እንደተዞረ፣ ምን ያህል እንደበላ፣ ኢንሱሊኑን ማን እንደወጋ የሚጻፍበት መዝገብ የለም፤ የፈረቃ ርክክቡ በር ላይ በሚደረግ አጭር ወሬ ያልቃል። አንድ ምሽት ደርሼ የማታው ኢንሱሊን ተሰጥቷቸው እንደሆነ ብጠይቅ ተረኛዋ አላወቀችም፤ ቤቷ የገባችውን የቀን ተንከባካቢ በስልክ እስክናገኝ ድረስ መጠበቅ ነበረብን። መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ቢሰጥ ኖሮ ስኳራቸው ወርዶ ሊያልባቸውና ሊንቀጠቀጡ፣ ራሳቸውንም ሊስቱ ይችሉ ነበር፤ አንደበቱ የከበደ ሰው ደግሞ «አሞኛል» ብሎ ለመጣራት ይቸገራል። በዚያ ላይ ሌሊት ለክፍሎቹ ሁሉ ያለችው ተንከባካቢ አንዲት ብቻ ናት፤ ከባድ ሰውን ለብቻ ማዞር ለአዟሪዋም ለተዟሪውም ጉዳት ነው፣ ስለዚህም አንዳንዱ ሌሊት ሳይዞሩ እንደሚያድሩ እጠረጥራለሁ። ኃላፊው የሠራተኛ እጥረት መኖሩን አልካደም። እኔ ግን ለደብተርና ለእስክሪብቶ የሠራተኛ እጥረት ምክንያት ሲሆን አይታየኝም።

ክፍያው በየወሩ መጀመሪያ የሚከፈል ሲሆን ዳይፐርና መድኃኒት በቤተሰብ ናቸው፤ ይህን ሲዋዋሉ በግልጽ ስለሚናገሩ ቅር አላለኝም። ሌሊት ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም የቤቱ መኪና አለ፤ አሽከርካሪው ግን ግቢ ውስጥ እንደማያድር የነገረኝ ዘበኛው ነው። ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ለመድረስ የእንጦጦን ተራራ መሻገር ስላለ፣ ለመዋዋል የሚሄድ ሰው አሽከርካሪው ሌሊት የት እንደሚያድር፣ ማታ ስንት ተንከባካቢ እንደሚኖርና ያለፈው ሳምንት የመድኃኒት መዝገብ ይታይ እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ከአበባውና ከቀለሙ ይልቅ ቤቱን በዚህ ይመዝነዋል።

አክስቴን ከዚያ አላወጣኋቸውም፤ በቀን የሚያገኙትን እንክብካቤ እኛ ቤት ሆነን ልንሰጣቸው እንደማንችል አውቃለሁ። በራሳችን ወጪ ደብተር ገዝተን ቀን፣ ሰዓት፣ ጎን፣ ምግብ፣ የስኳር መጠን፣ ኢንሱሊንና ፊርማ የሚል ሠንጠረዥ አስምረን ራስጌያቸው ላይ አንጠልጥለናል፤ የቀኗ ተንከባካቢ በትጋት ትሞላዋለች፣ የማታዎቹ አንዳንዴ ይዘሉታል። ለሌሎቹ ነዋሪዎችም እንዲሁ እንዲደረግ ለኃላፊው በጽሑፍ ያቀረብኩት ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም።