ለመለኪያ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት፦ ዩኤስቢ ቴስተር፣ መልቲሜትር ወይስ ሞጁል?

ፒያሳም ሆነ መርካቶ የሞባይል ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ጎራ ብትሉ፣ ከቻርጀሮቹና ከገመዶቹ መካከል ትንሽ መስኮት ያላት ዩኤስቢ ቴስተር አትጠፋም። አብዛኛው ገዢ የሚወስዳት ቻርጀሩ የተጻፈበትን አምፔር በእርግጥ መስጠቱን ለማየት ነው። ለዚያ ብቻ ማዋል ግን ማባከን ነው። ይህች ዕቃ ቮልትንና አምፔርን በአንድ ጊዜ ትለካለች፣ አባዝታ ዋት ታወጣለች፣ ጊዜውን እየቆጠረች ሚሊአምፔር ሰዓትና ዋት ሰዓት ትደምራለች። ገመድ ቆርጦ ከመቆንጠጫ ጋር መበየድ የሚችል ሰው፣ ከዩኤስቢ ጋር ምንም ዝምድና የሌለውን ቦርድ፣ ባትሪ፣ ሞተርና አምፖል ሊለካባት ይችላል።

ጥያቄው የትኛዋን እንግዛ፣ ከምንስ ጋር የሚለው ነው። ዋጋውን በብር አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለከርሞ አያገለግልም። ደረጃው ግን ብዙም አይለዋወጥም። ከታች ስም የሌላቸው ትንንሽ ቴስተሮችና ዲቲ830ዲ የሚባለው ቢጫ መልቲሜትር (ከዚህ በኋላ 830 እለዋለሁ) አሉ። ከእነዚህ ከፍ ብለው ዩኤም25ሲ፣ ቲሲ66ሲ እና ኤፍኤንቢ58 የሚባሉት ቴስተሮች ይከተላሉ። ከሁሉም በላይ፣ ቀረጡና ማጓጓዣው ሳይጨመር ወደ 100 ዶላር የሚጠይቀው፣ እጅግ ትንሽ ኮረንትን የሚከታተለው የኖርዲክ ኩባንያ መለኪያ ፒፒኬ2 ይገኛል።

ቢጫው መልቲሜትር የሚሸነፍበት ቦታ

ብዙ ሰው መልቲሜትር ካለኝ ቴስተር ለምኔ ይላል። መልሱ ያለው ኮረንት የሚለካበት መንገድ ላይ ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች ኮረንቱን ሹንት በምትባል ትንሽ ሬዚስተር ውስጥ ያሳልፉና በእሷ ላይ የጠፋውን ቮልት ያነባሉ። በ830 የ200 ሚሊአምፔር መስመር (በመቀያየሪያው የሚመረጠው የልኬት ክልል) ላይ ሹንቷ 1 ኦም ገደማ ናት፤ የፊውዙና የገመዶቹ ደግሞ በላይዋ ይጨመራል። በጥሩ ቴስተር ውስጥ ያለችው ግን ጥቂት ሚሊኦም ብቻ ናት።

ይህ ልዩነት ሥራ ላይ ሲታይ እንዲህ ነው። ኢኤስፒ32 የሚባለው ዋይፋይ ያለው ቺፕ መልእክት ሲያስተላልፍ እስከ 240 ሚሊአምፔር ይስባል። በ830 በኩል 3.3 ቮልት ብትመግቡት፣ ሹንቷ ብቻዋን 0.24 ቮልት ትበላለች። ቺፑ የሚደርሰው 3.06 ቮልት ይሆናል፤ የፊውዙና የገመዱ ሲታከል ቺፑ የተበየደበት ቦርድ ከሚፈልገው ዝቅተኛ 3.0 ቮልት ሥር ይወርዳል። ቺፑ ራሱን እያጠፋ ሲነሣ ጥፋቱን ፕሮግራሙ ላይ ስትፈልጉ ልትውሉ ትችላላችሁ፤ ችግሩ ግን ከመለኪያው ነው። ያውም ኮረንቱ ከ200 ሚሊአምፔር ስላለፈ ፊውዙም አደጋ ላይ ነው። ወደ 10 አምፔር መስመር ብትቀይሩት ሹንቷ ታንሳለች፤ ነገር ግን የመጨረሻው አሃዝ 10 ሚሊአምፔር ነውና ትንንሹን ለውጥ አያሳይም፤ በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ያ መስመር ፊውዝ የለውም።

በቮልት በኩልም ቢሆን 830 በ20 ቮልት መስመር የሚለየው 10 ሚሊቮልት ነው፤ የተፈቀደለት ስሕተት ግማሽ በመቶ ያህል ነው። ዩኤም25ሲ 1 ሚሊቮልት እና 0.1 ሚሊአምፔር ያሳያል፤ አምራቹ የሚሰጠው ቃልም ለቮልት 0.05 በመቶ፣ ለኮረንት 0.1 በመቶ ከጥቂት የመጨረሻ አሃዞች ጋር ነው።

ይህ ማለት መልቲሜትሩ ይጣል ማለት አይደለም። ኦም፣ ዳዮድና 220 ቮልት የሚለካው እሱ ነው። ዩኤስቢ ቴስተር ለቀጥተኛ ኮረንት ብቻ የተሠራች ስለሆነች ከግድግዳ ስፒና ጋር በምንም መንገድ መገናኘት የለባትም።

ቴስተሮቹ እርስ በርሳቸው

ስም የሌላቸው ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ያሳያሉ። ፓወር ባንክ ለመፈተሽ ይበቃሉ፤ ለቦርድ ጥገና አይበቁም። ዝቅተኛ ኮረንትን ዜሮ የሚሉ አሉ፤ መዝገባቸውንም ወደ ኮምፒውተር ማውጣት አይቻልም።

ከዚያ በላይ ባሉት ሦስቱ ዘንድ ገዢን የሚያታልለው የአሃዝ ብዛት ነው። ዩኤም25ሲ ለኮረንት ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ አለው፤ ቲሲ66ሲ እና ኤፍኤንቢ58 አምስት ያሳያሉ። አምስተኛው አሃዝ 10 ማይክሮአምፔር ማለት ነው። በመስኮቱ ላይ መታየቱ ግን ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ምንም ሳይሰካ የሚታየው የዜሮ ስሕተትና የሙቀት ለውጥ በቀላሉ ሊውጠው ይችላል። እኔ ለአሃዝ ተጨማሪ ገንዘብ አላወጣም። የማወጣው መረጃው በምን መንገድ ከመሣሪያው እንደሚወጣ አይቼ ነው።

በዚህ መስፈርት ዩኤም25ሲ ይበልጥብኛል። ብሉቱዝ አለው፤ አንዲት ባይት ስትልኩለት 130 ባይት ይመልሳል፤ የእያንዳንዷ ባይት ትርጉም በአድናቂዎች ተፈትቶ በነፃ የሚገኙ የፓይተን ፕሮግራሞች ተጽፈውለታል። ቲሲ66ሲ የሚልከውን 192 ባይት ኤኢኤስ በሚባል የምስጢር ቁልፍ ቆልፎ ነው የሚሰጠው። ቁልፉ ታውቋል፤ ቢሆንም ለጀማሪ ፕሮግራመር አንድ ተጨማሪ እንቅፋት ነው። ኤፍኤንቢ58 በገመድ ፈጥኖ መረጃ ያወጣል፤ እስከ 28 ቮልትና 7 አምፔርም ይሄዳል፤ ዩኤም25ሲ 24 ቮልትና 5 አምፔር ላይ ይቆማል። የአዳዲስ ላፕቶፖችን ፈጣን ቻርጀር የሚጠግን ሰው ያቺን ትርፍ ቮልትና አምፔር ይፈልጋታል፤ ሌላው አይፈልጋትም።

ብሉቱዝ ከምቾት ያለፈ ጥቅም አለው። ቴስተሩ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ፣ የምትለኩት ቦርድ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ከኮምፒውተሩ ግራውንድ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ቦርዱ ራሱ በሌላ ገመድ ከዚያው ኮምፒውተር ጋር ከተያያዘ፣ ኮረንቱ ሹንቷን ትቶ በሌላ መንገድ ይመለሳል ወይም ሾርት ይፈጠራል። በአየር የሚላክ መረጃ ይህ ጣጣ የለበትም።

አንድ ከባድ ድክመት ደግሞ አለ። ዩኤም25ሲ የራሱን ምግብ የሚያገኘው ከሚለካው መስመር ነው፤ ከ4 ቮልት በታች ይጠፋል። የሊቲየም ባትሪ ሥራውን የሚጨርሰው ከ4.2 እስከ 3.0 ቮልት ባለው ክልል ስለሆነ፣ አንድን ባትሪ ለብቻው እስኪያልቅ መከታተል አይቻልም። ሁለት ተመሳሳይ ባትሪዎችን በተከታታይ አያይዞ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ያኔ የሚታወቀው ግን የደካማው አቅም ነው። ዋና ሥራችሁ ባትሪ ከሆነ፣ ከጎኑ ለብቻው የሚመገብበት ቀዳዳ ያለውን ቴስተር ብቻ ግዙ፤ ሻጩም ከ4 ቮልት በታች ሲያነብ ያሳያችሁ።

ሞጁሉስ?

ተማሪ ከሆናችሁና አርዱይኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ) ወይም ኢኤስፒ32 በእጃችሁ ካለ፣ አይኤንኤ226 የሚባለው ቮልትና ኮረንት የሚለካ ቺፕ የተበየደበት ትንሽ ሞጁል ከሁሉም ርካሽ ነው። 16 ቢት ነው፤ እስከ 36 ቮልት ይለካል፤ ከዜሮ ቮልት ይጀምራል፤ ስለዚህ የባትሪው ችግር እዚህ የለም። በሚገዛበት ጊዜ ግን ሹንቷን በዓይናችሁ ተመልከቱ። አር100 ተብሎ ከተጻፈባት 0.1 ኦም ናት፤ የምትለካው ከፍተኛ ኮረንት 0.8 አምፔር ገደማ፣ ትንሹ እርከን 25 ማይክሮአምፔር ይሆናል። አር010 ከተባለች እስከ 8 አምፔር ትደርሳለች፤ እርከኗ ግን 250 ማይክሮአምፔር ነው። ወንድሙ አይኤንኤ219 ባለ 12 ቢት ነው፤ የዋጋ ልዩነታቸው ትንሽ ከሆነ 226ን ውሰዱ። የሞጁሉ ጉድለት መስኮትም መያዣም የሌለው መሆኑ ነው፤ ደንበኛ በተሰለፈበት የጥገና ጠረጴዛ ላይ ኮድ የሚጽፍ የለም።

ቴስተርና ቢጫው መልቲሜትር ሲተባበሩ

ከሁሉም የምወደው አጠቃቀም ይህ ነው፤ ሁለቱን አብራችሁ ግዙ የምለውም ስለዚህ ነው። የ830 የኦም መስመር የመጨረሻ አሃዝ 0.1 ኦም ነው። የቻርጀር ገመድን፣ የማብሪያ ማጥፊያን ወይም የቦርድ መስመርን መድከም የሚያሳየው ግን ከዚያ በታች ያለው ቁጥር ነው።

አንድ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ መሀሉ ላይ ቁረጡ። ወንዱ ጫፍ ለቴስተሩ መውጫ፣ ሴቷ ጫፍ ለቴስተሩ መግቢያ ይሆናሉ። ቀዩን ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቭ አድርጋችሁ ከመቆንጠጫ ጋር በይዱ፤ ነጩና አረንጓዴው የዳታ ናቸውና ለየብቻ ሸፍኗቸው። ገመዱን አሳጥሩት፤ የማራዘሚያ ሽቦ ቀጭን ነው። ከዚያ 4.7 ኦም የሆነ ባለ 10 ዋት ነጭ የሴራሚክ ሬዚስተር ፈልጉ፤ ምናለሽ ተራ ከሚፈታቱ አሮጌ ቦርዶች ላይ የሚገኝ ዓይነት ነው። በ5 ቮልት ወደ 1 አምፔር ይስባል፤ በጣም ስለሚግል እንጨት ወይም ፕላስቲክ ላይ አታስቀምጡት።

አሁን የምትፈትሹትን ገመድ በመስመሩ መካከል አስገቡና ቴስተሩ የሚያሳየውን አምፔር አንብቡ። በ830 የሚሊቮልት መስመር ደግሞ የቀዩን ሽቦ ሁለት ጫፎች ንኩ። ሚሊቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍሉ መልሱ በሚሊኦም ይመጣል። የ830 የ200 ሚሊቮልት መስመር 0.1 ሚሊቮልት ስለሚለይ፣ በ1 አምፔር ላይ 0.1 ሚሊኦም ታያላችሁ። ሁለት ርካሽ ዕቃዎች ተደምረው፣ በጣም ትንሽ ኦምን የሚለካውን የባለ አራት ሽቦ መለኪያ ሥራ ይሠራሉ።

በብዙ ገመዶች ቆዳ ላይ 28 ወይም 24 የሚል የሽቦ ውፍረት ቁጥር ይነበባል። የ28 መዳብ ሽቦ በሜትር 213 ሚሊኦም፣ የ24 ደግሞ 84 ሚሊኦም ገደማ ነው። አንድ ሜትር ገመድ መሄጃና መመለሻ ስላለው በ28 ሽቦ 2 አምፔር ሲያልፍ 0.85 ቮልት ይጠፋል፤ ስልኩ የሚያገኘው 4.15 ቮልት ብቻ ይሆናል። በ24 ሽቦ የሚጠፋው 0.34 ነው። 24 ተብሎ ተጽፎበት በሜትር ከ84 ሚሊኦም በእጅጉ የሚበልጥ ቁጥር ካገኛችሁ፣ ሽቦው የተጻፈውን ያህል ወፍራም አይደለም፣ ወይም መዳብ አይደለም።

ማመን የምትችሉት እስከምን ነው?

ጥሩ ቴስተርን በ830 ማረም አይቻልም፤ አራሚው ከታራሚው ይብሳል። ስሕተቱ 0.1 በመቶ የሆነ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር ግዙና በ5 ቮልት ለኩ፤ 5 ሚሊአምፔር መሆን አለበት፤ ኮረንቱ ትንሽ ስለሆነ ሬዚስተሩ አይሞቅም። በ100 ኦም ሬዚስተር ደግሞ 50 ሚሊአምፔር አካባቢ አረጋግጡ። ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍሉ የሬዚስተሩ ዋጋ ካልመጣ፣ ልዩነቱን ጽፋችሁ በየልኬቱ አስተካክሉ። ይህ የሁለቱን ንባብ ዝምድና እንጂ ቮልቱን ብቻውን አያረጋግጥም። ለቮልቱ እንደ ዩቲ61ኢ ያለ፣ መስኮቱ እስከ 22,000 የሚቆጥር መልቲሜትር ያስፈልጋል። የአምስት ኪሎ ወይም የተግባረ ዕድ ተማሪዎች በቤተ ሙከራቸው የተሻለ መሣሪያ የማግኘት ዕድል ስላላቸው፣ አንድ ጊዜ አወዳድረው ቁጥሩን ቢመዘግቡ ለረጅም ጊዜ ይጠቅማቸዋል።

ቴስተር ፈጽሞ የማይሆንበት ሥራ በባትሪ የሚሠሩና አብዛኛውን ጊዜ የሚተኙ መሣሪያዎች ናቸው። ኢኤስፒ32 ሲተኛ ቺፑ 10 ማይክሮአምፔር ያህል ይወስዳል፤ ሲነቃ በሺዎች እጥፍ ይዘላል። ይህን የሚከታተለው በሰከንድ 100,000 ጊዜ የሚለካው ፒፒኬ2 ነው። ሥራችሁ ይህ ከሆነ ገንዘቡን አጠራቅሙ፤ በቴስተር ለመተካት አትሞክሩ።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ?

ለቤት ፓወር ባንክ የሚገዛ ሰው ስም የሌላት ርካሿ ትበቃዋለች፤ ዋት ሰዓት የምታሳይ መሆኗን ብቻ ያረጋግጥ። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የተባለው በ3.7 ቮልት የተሰላ ነው፤ ማለትም 74 ዋት ሰዓት። በ5 ቮልት ሲወጣ ብክነቱ ተቀንሶ 13,000 አካባቢ ቢያነብ ባንኩ እውነተኛ ነው፤ 5,000 ካለ ግን ወደ ሱቁ ይመለስ። የሞባይል ጠጋኝ ዩኤም25ሲ ከ830 ጋር ይያዝ፤ የላፕቶፕ ቻርጀር የሚነካ ከሆነ ኤፍኤንቢ58። ተማሪ አይኤንኤ226 ይግዛ፤ ከተረፈው ዩኤም25ሲ ይጨምር።

ከዱባይ ወይም ከቻይና በሚመጣ ሰው እጅ የምታስመጡ ከሆነ የሞዴሉን ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል ጽፋችሁ ስጡ፤ ዩኤም25 እና ዩኤም25ሲ አንድ አይደሉም፤ ብሉቱዝ ያለው ባለ ሲው ነው። ከሱቅ ስትገዙ የራሳችሁን ቻርጀርና የምታውቁትን ሬዚስተር ይዛችሁ ሂዱ። ቴስተሩን ቻርጀሩ ላይ ሰክታችሁ፣ መውጫው ላይ ግን ምንም ሳትሰኩ ኮረንቱ ዜሮ ማለቱን፣ ቀጥሎ ሬዚስተሩ ሲሰካ ቁጥሩ ሳይዋልል መቆሙን ተመልከቱ። ሰኪውን ቀስ ብላችሁ ስታወዛውዙት ቁጥሩ ከዘለለ ሌላ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ የላላ መግቢያ ያለው ቴስተር ሚሊኦም ለመለካት አይሆንም።