የቤት ውስጥ ፍለጋ፦ በዝርዝር ወይስ በእንቆቅልሽ?

ቅዳሜ ከሰዓት አባትና ልጅ ቤት ውስጥ የተደበቀ ዕቃ ሊፈልጉ ነው እንበል። ጨዋታው በሁለት መንገድ ይዘጋጃል።

ዝርዝር ቀላሉ ነው። «አንድ ቀይ ነገር፣ አንድ ክብ ነገር አምጪ» ብሎ መጻፍ በቃ። ማንበብ ላልጀመረች ልጅ በሥዕል ይሆናል። ግን ቶሎ ያልቃል፤ ቤቱም ይተራመሳል።

እንቆቅልሽ ራስ ያሠራል፤ ጨዋታውም የራሳችን ነው። አባት «እንቆቅልሽ!» ይላል፣ ልጅ «ምን አውቅልህ!» ትላለች። «ሆዴ ሙሉ እንጀራ፣ እኔ ግን አልበላም።» ወደ መሶቡ ትሮጣለች። ክዳኑ ሥር ሌላ ወረቀት፦ «አንገቴ ቀጭን፣ ሆዴ ጥቁር፤ እሳት ላይ ካልወጣሁ እንግዳ አይደሰትም።» ቀጣዩ ወረቀት ጀበናው ሥር ነው። (ጀበናው ይቀዝቅዝ እንጂ!) ካቃታት «አገር ስጪኝ» ይላታል። ጎንደርን ሰጥታ መልሱን ትሰማለች። አዲስ አበባን እንዳትሰጥ ስትከራከር ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው።

ዝግጅቱ ግን ጊዜ ይበላል። ከመጨረሻው መጀመር ይሻላል፦ መጀመሪያ ሽልማቱን መደበቅ፣ ከዚያ ወደ እሱ የሚመራውን ወረቀት መጻፍ፣ እንዲህ እያሉ ወደ ኋላ። ወረቀቶቹ ጀርባ ላይ ቁጥር ካልተጻፈ ይምታታል።

ለ4 ዓመት ልጅ ዝርዝሩን እመርጣለሁ። ማንበብ ለጀመረች ግን ያለ ጥርጥር እንቆቅልሹን፤ 5 ወረቀት ይበቃል።